በገዛ አፌ ያልኩት እሺ

ሰውየው እግሬን ያየው በኅዳር ነው። ሙሉ እግሬን። የልጄ ኩርፊያ፣ የወንድሜ ሽሽት፣ የሰፈሩ ሹክሹክታ፣ ሁሉም የመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ከእግሬ ልጀምር።

ቤቴ ቡታጅራ ጫፍ ላይ ነው፤ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ባጃጅ እያቃሰተ የሚወጣት አንዲት ዳገት አለች፣ ከእሷ በላይ። ከቤቱ ጀርባ ባሌ የተከለው እንሰት አለ። ባሌ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። እንሰቱ ግን ሐዘን አያውቅም፣ ያድጋል። ዝናቡ አብቅቶ መሬቱ ሲደርቅ ጎረቤታሞቹ እንሰባሰብና ዛሬ የእኔን፣ ነገ የእሷን እያልን አብረን እንፍቃለን።

ፍቆ ለማያውቅ ልንገር። መሬት ላይ ትቀመጫለሽ። ሳንቃውን ከቆመ እንሰት ላይ ታስደግፊያለሽ። ቅርፊቱን ከላይ በአንድ እግርሽ ተረከዝ ቀጥ አድርገሽ ትይዥና በቀርከሃ ቁልቁል ትገፊዋለሽ። እግርሽ እንዲያ ተሰቅሎ ቀሚስሽ የት እንደሚደርስ አንቺው ገምቺ። ለዚህ ነው ወንድ እዚያ ቦታ የማይደርሰው። ባል እንኳ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ከሩቅ ይጣራል እንጂ አይጠጋም። ደፍሮ የገባ ካለ ሴቶቹ እንዳሻቸው ያደርጉታል፤ ከሳሾቹም ዳኞቹም እነሱው ናቸው።

እኔ በርበሬ እነግዳለሁ። ወንድሜ ቆሼ ከተማ በኩል ያመርታል፣ እኔ ቤቴ አስቀምጬ ለወልቂጤ ነጋዴዎች እጭናለሁ። የዚያን ቀን ጆንያዎቹን ሊወስድ የመጣው አይሱዙ አዲስ ሹፌር ነበረው። ጥሩንባ ነፍቶ ነበር አሉ። ማን ይሰማል? አንዲቷ ስለ አማቷ እያወራች ሁላችንም እንስቃለን።

«አሰላሙ አለይኩም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከጀርባችን መጣ።

ቀና ስል ጺሙ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ከእንሰቶቹ መሀል ቆሟል። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ሴቱ ሁሉ ቀሚሱን እየጎተተ ተንጫጫ። ከአጥሬ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ፣ ባሏን ከፈታች ወዲህ አፏን ማንም አስሮት የማያውቅ ሴት፣ እርጥቡን ፍቅፋቂ አፈሰችና ጺሙ ላይ ለጠፈችለት። ሌሎቹም ተከተሏት። ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ፣ አስተማሪ እንደቀጣው ልጅ ቆመ።

«የበርበሬው ባለቤት የትኛዋ ናቸው?» አለ ለአጥሩ።

«እግሯን ያየኸው» አልኩት።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሴቶቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

«እንግዲያው አውቄያቸዋለሁ» አለ፣ ሳይዞር።

ፈረድንበት። ለእያንዳንዳችን ከወልቂጤ ሻሽ እንዲያመጣ ተባለ፤ እሺ ብሎ ጆንያውን ጭኖ ሄደ። ቅጣቱን የሚረሳ መስሎን ነበር፣ በሳምንቱ ግን ሻሾቹን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ጎረቤቴ የእሷን ዘርግታ አየች፣ የእኔን ዘርግታ አየች።

«የእኛው ለፀሐይ ነው» አለች፤ «ያንቺው ለሰርግ ነው።»

«አፍሽን ያዥ።»

«እኔስ እይዛለሁ። አንቺ ፊትሽን ያዥ። በርበሬሽን መስሏል።»

ሰውየው ከወልቂጤ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። የእሱ የሰባት ቤት ጉራጊኛ ነው፣ የእኔ የመስቃን፤ ፈጠን አድርገን ካወራን አንግባባም። ስለዚህ በአማርኛ ሆነ። ይህ ነገር ምን እንዳደረገልኝ ማንም አይገምትም። እናቴ ስታሳድገኝ የተቆጣችኝ፣ ዝቅ በይ፣ ሸፍኚ፣ አትሳቂ ያለችኝ በአገሬ ቋንቋ ነው። ሀፍረቴ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። በአማርኛ ግን የገበያ ሴት ነኝ፤ ተከራክሬ፣ ተሳድቤ፣ ቀልጄበታለሁ። አፍሬበት አላውቅም። ከእሱ ጋር ሳወራ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኩ።

ከባሌ ጋር ክፉ አልኖርኩም። አልመታኝም፣ ረሃብ አላሳየኝም፣ ወንድና ሴት ልጅ ሰጥቶኛል። ፍላጎት የሚሉትን ነገር ግን የማውቀው የእሱ ዕቃ አድርጌ ነበር፤ እንደ ካፖርቱ። ሲፈልግ ያወጣዋል፣ ሲጨርስ ይሰቅለዋል። ሲሞት አብሮት የሄደ መሰለኝ። አልጋዬ ሰፋኝ እንጂ አልቀዘቀዘኝም ነበር፣ ምክንያቱም ሙቀትም ብዙ አላውቅ። ካረጁ አይበጁ ሲሉ እኔም አብሬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

በጥር ወልቂጤ ያለው ደንበኛዬ በርበሬው እርጥብ ነው ብሎ አስቸገረና ራሴ ልሂድ አልኩ። ጋቢና ገባሁ። አስፋልቱን ለቀን ወደ ተራራው መውጣት ስንጀምር ብርዱ በመስኮት ገባ፣ ከታች ደግሞ የሞተሩ ሙቀት እግሬን ያዘው። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ክንዱ ጉልበቴን ይነካል። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ማርሽ ይበዛዋል፤ በዚህ ማንንም አልከስም። ኋላ ግን ሜዳ ላይም መቀየር ጀመረ።

«መኪናው ታሟል እንዴ?» አልኩት።

«መኪናው ደህና ነው» አለ፤ «ሹፌሩ ነው።»

መስኮቱን እያየሁ ሳቅኩ። ጉልበቴን አላነሳሁም። ልቤ እንደ ልጃገረድ ይመታ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ልጃገረድ ሳለሁ ልቤ የመታው በፍርሃት ነው። ይህ ሌላ ነገር ነበር። ሆዴ ውስጥ ጀምሮ እስከ ጡቴ ጫፍ የወጣ፣ ስም ያላወጣሁለት ሙቀት። ስልሳን ተሻግሬ፣ ጥርሴ ተነቅሎ፣ የልጅ ልጅ አቅፌ፣ ያ ሁሉ ሥጋዬ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር ማለት ነው። ተናደድኩ። ወላሂ፣ ከደስታዬ በፊት የመጣው ንዴት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ለምን አልነገረኝም ብዬ።

ወልቂጤ እሱ ሲያራግፍ እኔ ገበያ ገባሁና የሌሊት ልብስ ዋጋ ጠየቅኩ። ወይን ጠጅ፣ ስስ፣ ትከሻው ላይ ጥልፍ ያለው።

«ለልጅዎ ነው እናቴ?» አለችኝ ልጅቷ። «ቁጥሯ ስንት ነው?»

«ቁጥሬ ሰፊው ነው» አልኳት።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስትጠቀልልልኝ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቂ ልጄ፣ አልኩ በሆዴ። ቀንሽ ይደርሳል፣ ደግሞም ያልፋል ይሉሻል፣ እንዳታምኚያቸው።

ስንመለስ ከተራራው ላይ መኪናውን አቆመና ውሃ ጨመረለት። ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ነበር የሚለኝ።

«አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽሽም» አለኝ። «እዚያ እንሰቱ ጋ። ድምፃችሁን ሰምቻለሁ፣ ደንቡንም አውቃለሁ። ሳቅሽን ሰምቼ የማን እንደሆነ ለማየት ነው የገባሁት።»

«ሹፌር ሁሉ እንዲህ ይላል።»

«ሹፌር ሁሉ ፍቅፋቂ አይለጠፍበትም።»

እጁን ያዝኩት። እኔ ነኝ የያዝኩት፤ ይህን ማንም እንዳያዛባብኝ። ዘይትና በርበሬ የሚሸት፣ ሻካራ እጅ። ደረቴ ላይ አስጠጋሁትና ትንሽ ቆየን። ከዚያ አንድ ነገር ነገርኩት። «እኔ ሰርቄ አልኖርም። የምሰርቀው ከማን ነው? ሥጋው የእኔ ነው። ኒካህ እሰርና በፊት ለፊት በር ግባ።»

«ሽማግሌ ለማን ልላክ?»

«ለወንድሜ።»

በእኛ ዘንድ ሴት ስትዳር ስለ እሷ ለሙሽራው እጁን የሚሰጥ ወሊ፣ የቅርብ ወንድ ዘመድ፣ ያስፈልጋታል፤ አባቴ የለም፣ ያለኝ ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ቆሼ ሄዱ፣ ወንድሜ ቡና አፍልቶ፣ ምሳ አብልቶ፣ ምንም ሳይል መለሳቸው። እኔው ተነስቼ ሄድኩ። የተሰጣ በርበሬ መሀል ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

«ልጅሽ ምን አለ?» አለኝ።

«ልጄን አላገባም።»

«እህቴ፣ አትቀልጂ። ሰው ምን ይላል? የልጅ ልጅ ያየች ሴት...»

«አባታችን ሲድረኝ ሰው ሁሉ ተጠየቀ። አጎቶቻችን ተጠየቁ፣ ጎረቤት ተጠየቀ፣ አንተ እንኳ ጥርስ ሳታወጣ እሷ ከሄደች ማን ያዝልሃል ተባልክ። ያልተጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ደግሞ ልጄ ይጠየቅ?»

«ልጅሽ ከተስማማ እኔ ምን ቸገረኝ። ካልተስማማ ግን እጄን አልሰጥም።»

«ጀርባዬ ላይ ስትሸና ማንን አስፈቅደህ ነበር?» ብዬው ተነሳሁ። በርበሬ ሲያገላብጡ የነበሩት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

ልጄ አዲስ አበባ ሱቅ አለው። ጎበዝ ነው፣ አባቱ ሲሞት ገና ልጅ ነበር፤ ቤቱን በትከሻው ተሸክሞ አሳደገን ማለት እችላለሁ፣ እኔንም ጭምር። ለአረፋ ቀርቶብኝ አያውቅም። የእኛ ሰው ዓመቱን ሙሉ የትም ይክረም፣ ለአረፋ እናቱ ቤት ይገባል። ልጆቿ ያልመጡላትን ሴት ሰው ያዝንላታል፣ ከዚያም ምን አድርጋ ነው ይላል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶት ኖሮ ስልክ ደወለ።

«እማ፣ የሰማሁት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ምን አጎደልኩብሽ?»

ይህ ጥያቄ ከስድብ ይከፋል። «ምንም አላጎደልክም» አልኩት። «አንተ የምትሞላው ጎዶሎ አይደለም።»

«ሰው ይስቅብናል። ሱቄ ድረስ እየመጡ፣ እናትህን ልትድር ነው አሉ እያሉኝ ነው። ነይ እኔ ጋ፣ ኮንዶሚኒየሙ ላይ ክፍል ሰርቼልሻለሁ፣ በረንዳ አለው፣ ፀሐይ ትሞቂያለሽ።»

«ፀሐይ ቡታጅራም አለች።»

«እንግዲያው ስሚኝ። አባቴ ሲያርድበት የነበረ ቦታ ላይ ሌላ ወንድ ቢላ አያነሳም። ለአረፋ ስመጣ ሰውየው ከግቢው አለ ቢሉኝ ከመንገድ እመለሳለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። እኔም ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ልዋሽ አልችልም። ሁለት ነገር ነበረኝ። ልጄ ካልመጣ ቤቴ የሞተ ቤት ነው። ሰውየውን ከተውኩት ደግሞ የምሞተው እኔ ነኝ፣ ቆሜ እየሄድኩ። ለልጄ ብዬ ብዙ ነገር ትቼ አውቃለሁ፤ ሲታመም እንቅልፌን፣ ሲማር ወርቄን። ይህን ግን ለመተው እጄ አልዘረጋ አለኝ። ሊወስዱብኝ ሲመጡ ነው ምን ያህል እንደፈለግኩት ያወቅኩት።

ፊቴን ታጠብኩና የመስጊዳችን ሼህ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ምስባሃቸውን እየቆጠሩ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ባልሽ የሞተ ጊዜ ኢዳሽን ጠብቀሻል?»

«አራት ወር ከአሥር ቀኑን ጠብቄያለሁ። ከዚያም በላይ ማንም ሳያዘኝ ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ።»

«ልጅሽ ፈቃጅ አይደለም» አሉ። «ወንድምሽም ሰውየው ነውር ከሌለበት ሊከለክል አይችልም፤ እኔ አነጋግረዋለሁ። አንድ ነገር ግን አለ። ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝምታዋ እሺታዋ ነው። ያገባች ሴት ግን ዝም ብትል ኒካሁ አይታሰርም። በገዛ አፍሽ ትናገሪያለሽ።»

ከዚያ ቤት ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። የመጀመሪያው ሰርጌ ትዝ አለኝ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ተሸፋፍኜ ተቀምጬ፣ ትወጃለሽ ወይ ሲሉኝ ዝም አልኩ፣ ዝምታዬን እሺ ብለው ወሰዱት። እሺ ይሁን እንቢ እኔም አላውቀውም ነበር። አሁን ግን ሕጉ ራሱ ተናገሪ አለኝ።

አረፋ ግንቦት ላይ ዋለ። ከወንዶቹ አረፋ፣ ከእርዱ ቀን በፊት፣ የሴቶች አረፋ የምንለው ቀን አለን። ያን ቀን ቤቱ የሴት ነው። ወንዱ በሬ ያያል፣ ማገዶ ይፈልጣል፣ ሲጠራ ይመጣል። ሴቶቹ አተካና እንሠራለን፤ ቡላውን በቅቤ ቀስ እያደረግን የምናበስለው፣ ለአረፋ የሚቀርብ ምግብ ነው። ቡታጅራ ያገባችው ሴት ልጄ ከጠዋት መጥታ ሂናዬን አቦካች።

«እማ፣ እጅሽን ብቻ ነው ወይስ እግርሽንም?»

«እግሬንም።»

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ጉልበቷ ላይ እግሬን አስቀምጣ ስትቀባኝ፣ «ወንድሜ መንገድ ላይ ነው» አለች። «ሰውየው እዚህ እንደሌለ ነገርኩት።»

«ዛሬ የለም። ነገ ግን ይመጣል። ይህንንም ነግረሽዋል?»

«ይህን አንቺ ንገሪው። እኔ አልደፍርም።»

ልጄ ከሰዓት በኋላ ገባ፣ ወንድሜም ከቆሼ ደርሶ ነበር። ልጄ ግንባሬን ሳመኝ፣ ከዚያ ሂናዬን አየው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እኔ ቡላውን ማማሰሌን አላቆምኩም፤ ካቆሙት ይጓጉላል።

«ነገ ከሶላት መልስ፣ ከእርዱ በፊት፣ ኒካሄ ይታሰራል» አልኩ። «ሼሁ ይመጣሉ።»

«እማ፣ ተነጋግረን አልነበር?»

«አንተ ተናገርክ፣ ስልኩን ዘጋህ። ዛሬ የሴቶች አረፋ ነው፣ ዛሬ እኔ እናገራለሁ። አባትህን አክብሬ ኖርኩ፣ አክብሬ ቀበርኩ። ስሙ ከዚህ ቤት አይወጣም። ቢላውንም ያዘው፣ የአባትህ ነው፣ አንተ ታርዳለህ። ሰውየው የሚመጣው ለእኔ ነው እንጂ ለበሬው አይደለም።»

ሴት ልጄ ሳቋ አመለጣት። ወንድሜ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«እዚህ ዕድሜ ላይ» አለ ልጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ምን ፈልገሽ ነው? ንገሪኝ። ምን?»

ልጅ ለእናቱ የሚጠይቀው ጥያቄ አይደለም፣ እናትም ለልጇ የምትመልሰው አይደለም። መለስኩለት ግን። «ሰው ሲነካኝ ነው የምፈልገው። ስስቅ የሚሰማኝ ሰው። ሚስትህ ጋ ስትገባ ምን ፈልገህ ነው ብዬህ አላውቅም።»

ፊቱ ጠቆረ። ዞሮ ወጣ፤ የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማን። ሞተሩ ግን አልተነሳም። ወንድሜ ተከትሎት ሊወጣ ሲል፣ «ተቀመጥ» አልኩት። «አንተን ነገ እፈልግሃለሁ።»

«ሼሁ ደውለውልኛል» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። «እጄን እሰጣለሁ። ግን ዝም ብለሽ ተቀመጭ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ዝምታ አይሠራም። አልነገሩህም?»

ልጄ እራት አልበላም። የአባቱ ወንድም ቤት አድሮ በነጋታው ከሰው ጋር ወደ ሶላት ሜዳ ሄደ። ይመለስ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሂድ አላውቅም ነበር። ኩሌን ተኳልኩ፣ ያን ለሰርግ ነው የተባለውን ሻሽ አሰርኩ። ሰውየው ነጭ ለብሶ፣ ጺሙን አሳምሮ በፊት ለፊት በር ገባ። ሼሁና ምስክሮቹ ሳሎን ተቀመጡ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር በጓዳው በኩል። ጎረቤቴ አጠገቤ ናት፤ «ዛሬ እንኳ እግርሽን ሸፍኚ» አለችኝ በጆሮዬ።

ከጓሮ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ቢላ በሞረድ ሲሳል። በመስኮት አየሁ፤ ልጄ ከሶላት ተመልሶ፣ ወደ ቤት ሳይገባ፣ በሬው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል።

«ይህን ሰው ትወጃለሽ? ለወንድምሽ ስለ አንቺ እጁን እንዲሰጥ ትፈቅጃለሽ?» አሉ ሼሁ ከሳሎን።

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቶሎ በይ እንደማለት። ሴቶቹ በሹክሹክታ እንድመልስ ጠበቁ፤ ሴት በኒካህዋ ቀን ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። እኔ ግን ሳሎኑ ብቻ እንዲሰማ አልፈለግኩም። ግቢው እንዲሰማ ነው የፈለግኩት፣ ዳገቱ እንዲሰማ።

«እሺ» አልኩ። «እወደዋለሁ። ፈቅጃለሁ።»

ገበያ ላይ በርበሬ ስጣራ የማወጣው ድምፅ ነው የወጣው። ከሳሎን አንዱ ምስክር ሳቀ። የሞረዱ ድምፅ ቆመ። ወንድሜ እጁን ዘረጋ፣ ሰውየው ያዘው፣ ቃሉ ተባለ። ከጓሮ አሁንም ድምፅ የለም። ቆይቶ ቢላው እንደገና መሳል ጀመረ፣ ቀስ ብሎ።

ዱዓው እንዳለቀ ሰውየው ነጩን ልብሱን አውልቆ ለሴት ልጄ ሰጣት፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ማንም ሳይጠራው ወደ ጓሮ ወጣ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ። በሬውን ሲጥሉት ሰውየው የኋላ እግሩን ያዘ። ልጄ ቀና ብሎ አላየውም። ወደ ቂብላ አዞሩት፣ ልጄ ቢስሚላህ ብሎ አረደ፣ የአባቱ ቦታ ላይ፣ በአባቱ ቢላ። ቆዳውን መግፈፍ ሲጀምሩ እግሩ ከሰውየው እጅ አንሸራተተ።

«ጠበቅ አድርገው ይያዙት» አለ ልጄ።

የተናገረው ያን ብቻ ነው። የቀረውን ሥጋ አብረው አወረዱት። ሰፈሩ እርቅ ነው ብሎ አወራው፤ እኔ እርቅ አልለውም። ልጄ እስካሁን ሲደውል ስሙን አይጠራም፣ «ያ ሰውዬ ደህና ነው?» ይላል፣ እኔም «ደህና ነው፣ አጠገቤ ነው» እላለሁ፣ እሱም ቶሎ ወሬ ይለውጣል። ይለውጥ። ለሚመጣው አረፋ እመጣለሁ ብሏል።

አንዳንድ ሴቶች ገበያ ላይ ይይዙኝና፣ ልጅሽ ያን ቀን ባይመለስ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር ይሉኛል። አለቅስ ነበር። በሬውን ጎረቤት ያርደው ነበር። ወይን ጠጁንም የሌሊት ልብስ እለብሰው ነበር፣ ለብሼዋለሁም።